በሃቫና የሚያስታውሱን ሰዎች

ሃቫና ውስጥ ኑሮ ደጅ ላይ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ወንበሩ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ይደረደራል። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ዶሚኖ ያንኳኳሉ፤ ሌሎች ከኋላቸው ቆመው ይመክራሉ፣ ይነቅፋሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች፤ ታች ያለው ሻጭ ገንዘቡን አንሥቶ ሽንኩርቱን ይከትና ቅርጫቱ ተመልሶ ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ስለ እንቁላል መጥፋት፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ ስለ ጉልበት ሕመም እየተጯጯሁ ያወራሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሁሉም የየራሱ ወሬ አለበት።

ይህንን ሁሉ የደስተኛ ሕዝብ ጠባይ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። እኔ ቤቶቹ ውስጥ ገብቼ ያየሁት ሌላም ምክንያት አለው። ሴንትሮ ሃቫና በሚባለው ሰፈር ጣሪያቸው እጅግ ከፍ ያለ የድሮ ቤቶች አሉ። ቤተሰብ እየበዛ ቤት ግን ስላልጨመረ፣ ነዋሪው ከወለሉና ከጣሪያው መካከል ቆጥ ሠርቶ አንዱን ክፍል ሁለት አድርጎታል። እነሱ ባርባኮዋ ይሉታል። አያት፣ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ከላይና ከታች ተደራርበው ያድራሉ። በዚያ ሙቀት እዚያ ቆጥ ላይ ማን ያመሻል? ደጅ መውጣት ግድ ነው። ደጅ ከተወጣ ጎረቤት አለ፤ ጎረቤት ካለ ጨዋታ አለ።

ወደ ኩባ የወሰደኝ ጓደኛዬ ነው። አባቱ በኦጋዴን ጦርነት ከሞቱ በኋላ፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ሆኖ ሄደ። ያደገው ከዋናው ምድር በስተደቡብ ባለችው የወጣቶች ደሴት ነው። እዚያ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎችም አገሮች ልጆች ይማሩ ነበር፤ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። ዛሬ ቶሮንቶ ይኖራል። ሕልም የሚያየው በስፓንኛ ነው ብሎ ነግሮኛል፤ አማርኛው ግን የልጅነቱን ሐረርጌ ቅላጼ አልለቀቀም።

እኔ ኩባን የማውቃት በትግላችን ሐውልት ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በግድግዳው ላይ የተሰለፉትን የኩባ ወታደሮች ፎቶዎች ልጅ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። አብዛኞቹ ገና ጢም ያላወጡ ይመስላሉ። ያኔ ያሳስበኝ የነበረው ነገር አንድ ነው፤ እናቶቻቸው ይህንን ግድግዳ አይተውት ያውቁ ይሆን?

ሃቫና ውስጥ ያረፍነው በግለሰብ ቤት ነው። ለውጭ አገር እንግዳ ክፍል ለማከራየት ፈቃድ ያለው ቤት በሩ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይለጥፋል፤ በየመንገዱ ምልክቱን እያዩ ማንኳኳት ይቻላል። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ነበሩ። በነጋ በጠባ ቡና በትንንሽ ስኒ ያመጡልናል፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ስኳሩ ገና ሲፈላ የገባ። መጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ስኒውን መልሰው ወሰዱትና ሌላ አፈሉ። ምክንያቱን ጓደኛዬ ተረጎመልኝ። በራሽን የሚታደለው ቡና ከተቆላ አተር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ይህን ማቅረብ ነውር ሆኖባቸው፣ ለበዓል ያስቀመጡትን ንጹሑን አወጡ። በበኩሌ አተር ያለበትንም ጠጥቼዋለሁ፣ አልጠላሁትም። ቡና ወደ ኩባ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እርሻው የተስፋፋው ደግሞ የሄይቲን አብዮት የሸሹ ፈረንሳውያን በምሥራቁ ተራሮች ሲሰፍሩ ነው፤ ጉልበቱ ግን የባሪያ ነበር። ከእኛ ጫካ የወጣች ፍሬ፣ ከአፍሪካ በሰንሰለት የተወሰደ ሰው ሲለቅማት ኖሯል። ይህን እያሰቡ ያንን ስኒ መጨለጥ ቀላል አይደለም።

መምህርቷ የራሽን ደብተራቸውንም አሳዩኝ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ አለው፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ በየወሩ በባለሱቁ እጅ ምልክት እየተደረገ ይወሰዳል። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ደብተር ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም። ወሩ ሳያልቅ ዕቃው ያልቃል። የቀረውን ሰው እንደሚሆንለት ይሞላዋል፤ መምህርቷም ክፍል የሚያከራዩት ለዚሁ ነበር። ከ1991 በኋላ፣ ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጁም ስንዴውም ሲቋረጥ፣ ከተማዋ በጨለማ ያደረችበትን፣ ሰዉ ከቻይና በመጣ ብስክሌት ሥራ የሄደበትን ዘመን ሲያወሩኝ አላማረሩም። ያኔ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ብቻ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሂሳብ መምህር ናቸው።

ሰልፉን ካላነሣሁ ሃቫናን አልነገርኩም። ባንክ፣ ዳቦ ቤት፣ አይስክሬም ቤት፣ ስልክ ቢሮ፣ ሁሉም ፊት ሰው አለ፤ ግን በመስመር የቆመ ሰው አታዩም። አንዱ ዛፍ ሥር ነው፣ ሌላው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ ሦስተኛዋ መንገድ ተሻግራ ጥላ ይዛለች። የሚመጣው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጨረሻው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ እጅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ማወቅ ያለበት ያንን ሰው ብቻ ነው። ብልህ የሆነው ደግሞ፣ ያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቢሄድስ ብሎ ከሱ በፊት ያለው ማን እንደሆነም ይጠይቃል። በዚህ መንገድ መቶ ሰው ያለ ገመድና ያለ ዘበኛ ተራውን ጠብቆ ይስተናገዳል። ሰዉ ሲጠብቅ ያወራል፣ ይተዋወቃል፣ ልጅ ያቃቅፋል። ቬዳዶ በተባለው ሰፈር ያለው ኮፔሊያ አይስክሬም ቤት በ1966 ሲከፈት ለሕዝቡ ሁሉ በሚችለው ዋጋ ጣፋጭ ነገር ለማቅረብ ታስቦ ነው። ለውጭ አገር ሰው ሰልፍ የሌለበት፣ በሌላው ገንዘብ የሚከፈልበት መሸጫ ነበረው። ያኔ ኩባ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነበራት፤ አንዱ ከዶላር እኩል የሚመነዘር፣ ሌላው ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሃያ አምስት እጥፍ የሚያንስ። ጓደኛዬ ወደዚያ መሸጫ ሊመሩት ሲሉ እምቢ አለ። ከሕዝቡ ጋር ቆየን። አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር ከፊታችን ነበረች፤ ተራችን እስኪደርስ የፍቺዋን ታሪክ ከነምክንያቱ ነገረችን።

ለመሄጃ የምንሳፈረው በ1950ዎቹ በተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች ነው። የተወለወሉት፣ ጣሪያቸው የተገለጠው፣ ሮዝ ቀለም የተቀቡት ቱሪስት ያዞራሉ። እኛ የምንይዘው በተወሰነ መሥመር የሚመላለሰውን ነው። መሪው የድሮ ቼቭሮሌት፣ ሞተሩ ከሌላ መኪና የተነቀለ ናፍጣ፣ የበሩ መያዣ በሹፌሩ እጅ የተሠራ። ተሳፋሪው መንገድ ዳር ቆሞ በጣቱ አቅጣጫውን ያመለክታል፤ ሹፌሩ ከተስማማው ይቆማል። መለዋወጫ ሳይገባ ስድሳ ዓመት መኪና ያስኬደውን የእነዚያን መካኒኮች ሙያ የሚያህል ሙያ የትም አላየሁም።

አሮጌው ከተማ፣ በ1982 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ሁለት መልክ አለው። አደባባዮቹ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ታድሰዋል፤ የከተማው ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት ኤውሴቢዮ ሌያል ዕድሜያቸውን በዚህ ጨርሰዋል፤ ከሆቴሎቹ የሚገኘው ገቢ ተመልሶ ለእድሳትና ለነዋሪው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲውል አድርገዋል። ሁለት መንገድ እልፍ ሲሉ ግን ግድግዳው በእንጨት ተደግፎ የቆመ ቤት ይመጣል፤ መስኮቱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ፀሐይ ሲመታቸው የሚወድቁ አሉ። ቱሪስቶች የተላጠውን ቀለምና የተሰነጠቀውን ምሰሶ እየተሻሙ ሲያነሡ አየሁ። እኔ ካሜራዬን ማውጣት አልቻልኩም። ውስጡ ሰው የሚተኛበትን ስንጥቅ ውብ ነው ብሎ ማየት ይከብደኛል፤ ዛሬም ይከብደኛል።

አንድ እሑድ በትንሿ ጀልባ ወሽመጡን ተሻግረን ሬግላ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ከባሕሩ ጫፍ ላይ ነው። መንበሩ ላይ ያለችው ድንግል ጥቁር ናት፤ የታቀፈችው ሕፃን ነጭ ነው። ካቶሊኮቹ የሬግላዋ ድንግል ይሏታል። ከናይጄሪያ ምድር በባርነት ከመጡት ዮሩባዎች እምነቱን የወረሱት ደግሞ የባሕር እናት ዬማያ ናት ይሏታል፤ አንዱ ሰው ሁለቱንም ማለት ይችላል። ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ ሴቶች አበባ ይዘው ይገባሉ። በአምልኮው አዲስ የገባ ሰው ዓመት ሙሉ ከነጭ በቀር አይለብስም። ነጠላ ለብሳ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት ያሳደገችው ሰው፣ ያንን ነጭ ሲያይ ወዴት እንደሚሄድ ሐሳቡን መከልከል አይችልም። ሃይማኖታችን ይለያያል። ጓደኛዬ ግን ሻማ አበራ፤ ለአባቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሃሜል ጎዳና ሄድን። ሰዓሊው ሳልቫዶር ጎንሳሌስ ከ1990 ጀምሮ የመንገዱን ግድግዳዎች በአፍሪካውያን አማልክት ሥዕል ሸፍኗቸዋል፤ የተጣሉ የገላ መታጠቢያ ገንዳዎችን ቆርጦ መቀመጫ አድርጓል። እሑድ እሑድ ሩምባ ይመታል። ከበሮውና ድምፁ ብቻ ነው። አንዱ ይዘፍናል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ሴቷ ትፈትናለች፣ ወንዱ ይከተላል። ሩምባ የተወለደው በወደብ ሠራተኞችና በድሆች ግቢ ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያ ሣጥንና ማንኪያ ሁሉ ከበሮ ነበር። ያን ዕለት ሙላቱ አስታጥቄ ትዝ አለኝ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ "አፍሮ-ላቲን ሶል" የተባሉትን ሸክላዎች ሲቀርጽ ኮንጋውን ከእኛ ቅኝት ጋር ያገናኘው ከንቱ ሙከራ እንዳልነበረ ጆሮዬ ያረጋገጠው እዚያ ነው። ልጆቹ ሲመቱ የነበረው ምት ለትከሻ የቀረበ ነበር፤ ትከሻዬ ሳላዘው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጓደኛዬ ሳቀ። አንድ አዛውንት መጥተው የሠራሁትን ትከሻ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

አሁን ፓርኬ ሴንትራል ወደሚባለው መናፈሻ ልለፍ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እዚያ ነው የተገኘው። በ1905 ከቆመው የሆሴ ማርቲ ሐውልት አጠገብ ወንዶች ተሰብስበው በቤዝቦል የሚከራከሩበት ቦታ አለ፤ ትኩሱ ማዕዘን ይባላል። አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጥመው፣ እጃቸው አየሩን እየመታ፣ ደም ሥራቸው ተገታትሮ ይጮሃሉ፤ የማያውቅ ሰው ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። ጓደኛዬ ጨዋታውን የወጣቶች ደሴት ላይ ተጫውቶታልና የሃቫናውን ቡድን ኢንዱስትሪያሌስን እየደገፈ ሊገባበት ቃጣው። እኔ በአማርኛ "ተው፣ ይመቱሃል" አልኩት። ከኋላችን ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ "ጤና ይስጥልኝ" የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስንል ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ጥቁር ሽማግሌ ናቸው። ቀጠሉና "ውሃ፣ ዳቦ፣ ነገ፣ እሺ" አሉ፤ የቀራቸው አማርኛ ይኸው ነበር። ሌላው በስፓንኛ ሆነ። የጓንታናሞ ተወላጅ ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድሬዳዋ ገቡ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሙቀቱን ስለለመዱት አላስቸገራቸውም። የከተማዋን ዛፎች፣ የአሸዋውን ወንዝ ደረቅ አልጋ፣ የባቡሩን ፉጨት፣ ጎማ ሲቀይሩ ሻይ ያመጣችላቸውን ሴት አልረሱም። ፍየሎች ያለ እረኛ ወደየቤታቸው ሲገቡ ማየት ይገርማቸው እንደነበር ነገሩን።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ነጻ ስትወጣ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ኩባውያን ነበሩ። ያኔ የኩባ ሕዝብ አሥር ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ ከዚያ ሕዝብ ላይ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ልጆች ውቅያኖስ ተሻግረው መጡ። ደርግ በዚያው ወራት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የገዛ አገሩን ወጣቶች ይገድል እንደነበር አልረሳሁም። በወዲያኛው ወገንም ልጇን የቀበረች የሶማሌ እናት አለች። ፖለቲካውን ለመመርመር ጊዜውም መጽሐፉም ብዙ ነው። ሽማግሌው ግን የመጡት ኢትዮጵያን የወረራት ጦር አለ ተብለው ነው፤ ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ያመኑትን አደረጉ። ዘመቻውን የመሩት ጄኔራል አርናልዶ ኦቾዋ በ1989 እ.ኤ.አ. በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ተከሰው በገዛ መንግሥታቸው ሲረሸኑ፣ ለሽማግሌው ቤተሰብ የሞተባቸው ያህል ነበር። የጄኔራሉን ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኩባ በአፍሪካ የወደቁባትን ልጆች አፅም አስመጥታ በየከተማው በአንድ ቀን ቀበረች። ከሽማግሌው ጋር በአንድ መኪና ይሠራ የነበረ፣ ከጅግጅጋ መንገድ ያልተመለሰ የአገራቸው ልጅ እንዲሁ ተመልሶ ገብቷል። እናቱ የተቀበረበትን እያዩ ሞቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶው ያለበት ሐውልት እንዳለ ግን ሽማግሌው ከአንድ የሕክምና ቡድን አባል ሰምተዋል። "አሁንም አለ?" ብለው ጠየቁኝ። መልሴ አጭር ነበር፤ ሐውልቱ አለ። ስለ ፎቶው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልቻልኩም። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አብራቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው በትልልቅ ፊደል ደገመችው።

በዚያ ምሽት ማሌኮን ሄድን። ከ1901 ጀምሮ በየጊዜው እየተቀጠለ የተሠራው የባሕር ግድግዳ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሲመሽ የሃቫና ሕዝብ ሁሉ እዚያ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ጊታር የያዘ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ የሚሳሳም፣ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ። ከወሽመጡ ማዶ ከላ ካባኛ ምሽግ ሦስት ሰዓት ሲሆን መድፍ ተተኮሰ፤ በስፓንያ ዘመን የከተማው በር የሚዘጋበት ምልክት ነበር፣ ልማዱ እስካሁን አለ። ጓደኛዬ የወጣቶች ደሴት ላይ ሳሉ ማታ ማታ ልጆቹ ስለሚያለቅሱባቸው ኩባውያን ሞግዚቶች ነገረኝ። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ይቀመጡ ነበር፤ የራሳቸው ልጆች ሌላ ከተማ ቀርተው። ለነዚያ ሴቶች ሐውልት የለም፣ መንገድም አልተሰየመም። በአማርኛ የተጻፈ ነገርም እኔ አላጋጠመኝም። የኩባን ውለታ ስናነሣ ስለ ታንክ ብቻ መናገራችን ያሳዝነኛል።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ወረቀቱን ይዤ ወደ ትግላችን ሄድኩ። ፎቶዎቹ ፀሐይ በልቷቸዋል፤ አንዳንዱ ፊት ሊለይ አይችልም። አንድ በአንድ እያነበብኩ ዞርኩ። ስሙ አለ፤ ፊቱም ይታያል፣ ፈገግ ብሏል። በስልኬ አንሥቼ ለልጅ ልጃቸው ላክሁላት። ሃቫና ውስጥ ያኔ ኢንተርኔት የሚገኘው ካርድ ገዝቶ መናፈሻ በመቀመጥ ነበርና መልሱ ቆየ። ሲመጣ ከአያቷ የተነገረ አጭር ደብዳቤ ነበር፤ ምስጋና፣ የጓደኛቸው ታናሽ እኅት ፎቶውን አትማ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለችው፣ ከዚያም ጥያቄ። ድሬዳዋ ባቡሩ አሁንም ከተማው መሐል ይገባል ወይ?

የፈረንሳዩ ባቡር መቆሙን፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መሆኑን፣ አሮጌው ለገሃር ግን ከነጋራዡ እንዳለ፣ ዛፎቹም እንዳሉ ጻፍኩላቸው። ስለ ፍየሎቹ ድሬዳዋ ለምትኖር አክስቴ ደወልኩ። እሷም በሳቅ፣ "ንገሪያቸው፣ ዛሬም ብቻቸውን ነው የሚገቡት" አለችኝ፤ እሱንም ጨምሬ ላክሁ።